የዕቅድ ውይይት፦ የማኅበራችንን የገብስ ቢራ በምን ዕቃ እናቅርበው?

የማኅበሩ ጸሐፊ፣ ደብረ ብርሃን

የተከበራችሁ አባላት፣ በጋራ ለምናቀርበው የአነስተኛ ቢራ ጠመቃ ዕቅድ እስካሁን ያልተቋጨው ክፍል የማሸጊያው ጉዳይ ነው። ረቂቁ «ምርቱ በ330 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ተሞልቶ ለገበያ ይቀርባል» ይላል። ይህን ዓረፍተ ነገር የጻፍሁት እኔ ነኝ፤ ደጋግሜ ሳስበው ግን ዕቅዱን ከሥሩ የሚያናጋው ይኸው እንዳይሆን ሠጋሁ።

በአገራችን ባለ 330ው ቡናማ ጠርሙስ የቢራ መያዣ ብቻ ሳይሆን የዋጋ መለኪያም ሆኗል። ደንበኛው ጠርሙሱን እንዳየ፣ ቆርኪው ሳይነሣ፣ በልቡ ዋጋውን ቆርጦ ይጨርሳል። የሚያስተያየንም እዚሁ ከተማችን ውስጥ ከሚጠመቁት ከዳሸንና ከሐበሻ ጋር ነው። እነርሱ በብዛት ስለሚያመርቱና ባዶውን ጠርሙስ እየሰበሰቡ ደጋግመው ስለሚሞሉት፣ የአንዱ ጠርሙስ ወጪ እኛ ልንደርስበት በማንችለው መጠን ዝቅ ይላል። ያንኑ ቢራችንን ግን በ750 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ብናቀርበው፣ ምንም እንኳ መጠኑ ከሁለት ትናንሽ ጠርሙሶች ጥቂት ብቻ ቢበልጥ፣ ደንበኛው የሚያስተያየው ከቢራ ጋር ሳይሆን ለእንግዳ ወይም ለስጦታ ከሚገዛው የወይን ጠጅ ጋር ይሆናል። የቤልጂየም ጠማቂዎች ልዩ ቢራቸውን በዚህ መጠን፣ በቡሽ ዘግተውና በሽቦ አስረው መሸጥ ከጀመሩ ቆይተዋል።

ዕቃው ዓይንን ብቻ ሳይሆን ምላስንም ይመራል። በስኮትላንድ ኤድንበራ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2016 በታተመ አንድ ጥናት፣ አንድ ዓይነት ቢራ ለከፊሎቹ ከጠርሙስ፣ ለከፊሎቹ ከጣሳ እየተቀዳ ቀርቦላቸው፣ ከጠርሙስ ሲቀዳ ያዩት የተሻለ ጣዕም እንዳለው መስክረዋል፤ ከየት እንደተቀዳ ሳያውቁ ሲቀምሱ ግን ልዩነቱ ጠፍቷል። ለእኛ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ጠጅን በብርሌና በፕላስቲክ ኩባያ ያቀረበ ሁሉ ያውቀዋል። ሐሳባችሁን እጠብቃለሁ።

ጠላ ጠማቂ አባል፣ ደብረ ሲና

ወንድማችን ያነሡትን በየቀኑ አየዋለሁ። ከአንድ ጋን የወጣውን ፊልተር (የተጣራ ጠላ) ለገበያተኛው በጣሳ፣ ሻል ላለው እንግዳ ደግሞ ንጹሕ የጃምቦ ብርጭቆ አጥቤ እቀዳለሁ። በብርጭቆው የጠጣ ሰው ቀለሙን ወደ ብርሃን አንሥቶ ይመለከታል፣ ቀስ ብሎ ይጠጣል፣ ዋጋው ከጣሳው በአንድ ተኩል እጥፍ ቢበልጥም ቅር አይለውም። ያንኑ ለሰርግ በጄሪካን ሲወስዱት ግን በሊትር እየተከራከሩ ከጣሳውም ዋጋ በታች ያወርዱታል።

ነገር ግን አንድ ሐሳብ ይጨመርልኝ። ከእኔ ቤት የሚጠጣው ሰው ጠርሙስ ገዝቶ ወደ ቤቱ አይሄድም፤ ተቀምጦ፣ ተጨዋውቶ፣ ደግሞ አስቀድቶ ነው የሚሄደው። ስለዚህ ትልቁን ጠርሙስ ብቻ ከያዝን የዘወትሩን ደንበኛ እናጣለን። የድራፍት በርሜል በዕቅዱ ውስጥ ይግባልኝ።

የቴክኒክ ኮሚቴ አባል፣ ሸዋ ሮቢት

እኅታችን ያሉትን እደግፋለሁ፤ ስለ ትልቁ ጠርሙስ ግን በቸልታ የማይታለፍ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ባለፈው ዓመት ለሙከራ ከሆቴሎች የሰበሰብኋቸውን ባዶ የወይን ጠጅ ጠርሙሶች አጥቤ ቢራ ሞላሁባቸውና ከደብረ ብርሃን ይዤ ወረድሁ። በሦስተኛው ሌሊት ሁለቱ ፈነዱ፤ ስባሪው ከመደርደሪያው አልፎ በሩ ላይ ተሰክቶ አገኘሁት። ልጆች በዚያ ቢኖሩ ምን ይሆን እንደነበር ሳስብ አሁንም እደነግጣለሁ። የወይን ጠጅ ጠርሙስ ግፊት እንዲችል ተብሎ አይሠራም። በዚያ ላይ እርሾው ስኳሩን ሳይጨርስ ታሽጎ ነበር፤ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በብርዱ የተሞላው ቢራ እኛ ቆላ ሲደርስ ሙቀቱ እርሾውን ቀሰቀሰው፣ ግፊቱንም ጨመረው። ስለዚህ በዕቅዱ ላይ «750 ሚሊ ሊትር» ብቻ ሳይሆን «ለሻምፓኝ የሚሠራ ዓይነት ወፍራም ጠርሙስ» ተብሎ ይጻፍ። ቀለሙም ቡናማ ይሁን፤ ነጭና አረንጓዴ ጠርሙስ ብርሃን ስለሚያሳልፍ በሆፕ (ለቢራ ምሬት በሚሰጠው አበባ) የተጠመቀ ቢራ ፀሐይ ላይ ሲቆይ መጥፎ ሽታ ያመጣል።

በርሜሉን በተመለከተ፣ ባለ 20 ሊትሩ ስልሳ ትናንሽ ጠርሙስ ይተካል፣ ቆርኪና መለጠፊያም አያስወጣም። ቀዝቃዛ ማቆያና የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲሊንደር ግን የግድ ነው፤ በአየር እየተገፋ ከተቀዳ በአንድ ሁለት ቀን ይበላሻል።

ገብስ አምራች አባል፣ መንዝ

ትልቁ ጠርሙስ ሰፊ መለጠፊያ ስለሚይዝ፣ ገብሱ የመንዝ መሆኑ በግልጽ እንዲጻፍበት እጠይቃለሁ። ሰው ስለሚያውቀው አገር እህል ከፍሎ አያዝንም። ታሽጎ የሚሸጠው ጣሳስ ለምን አልታሰበም?

የማኅበሩ ጸሐፊ፣ ደብረ ብርሃን

ጣሳ ብርሃን ፈጽሞ ስለማያስገባ ለቢራው ይስማማዋል፤ በአሜሪካ ኮሎራዶ ኦስካር ብሉዝ የተባለው አነስተኛ ጠማቂ እ.ኤ.አ. በ2002 በጠረጴዛ ላይ በምትቀመጥ የእጅ ማሸጊያ ነው ቢራውን በጣሳ ማሸግ የጀመረው። ለእኛ ግን ባዶው ጣሳ ከሩቅ ስለሚመጣ፣ ተመልሶም ስለማይሞላ፣ በዚህ ዙር እንዲቆይ ሐሳብ አቀርባለሁ። የመንዝ ስም ይግባ።

የተሻሻለው አንቀጽ እንዲህ ይነበባል፦ «ምርቱ በሁለት መልክ ይቀርባል፤ በደብረ ብርሃንና በደብረ ሲና ለሚገኙ ቤቶች በ20 ሊትር በርሜል፣ ለበዓልና ለስጦታ ገበያ ደግሞ ግፊት በሚችል ባለ 750 ሚሊ ሊትር ቡናማ ጠርሙስ። ዋጋ ከመቆረጡ በፊት አንድ ጠመቃ በበርሜል፣ በትልቅና በትንሽ ጠርሙስ ተሞልቶ ይሞከራል፤ ቀማሾች ሁሉ ዕድሜያቸው 21 ዓመት የሞላ ሆነው፣ እያንዳንዳቸው ሊከፍሉ የሚፈቅዱትን ከመቅመሳቸው በፊትና በኋላ ይጽፋሉ።» የኤክሳይዝ ታክሱ ስሌት በአዋጅ ቁጥር 1186/2012 እና በማሻሻያዎቹ መሠረት ለብቻው ይያያዛል።

የሸዋ ሮቢቱ ወንድማችን የወፍራሙን ጠርሙስ ዋጋ ከሁለት አቅራቢዎች ጠይቀው እስከ መጪው ስብሰባ እንዲያመጡልን፣ የደብረ ሲናዋ እኅታችንም ሙከራው በቤታቸው እንዲካሄድ እንዲፈቅዱልን በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ጠላ ጠማቂ አባል፣ ደብረ ሲና

ፈቅጃለሁ። ቅዳሜ የገበያ ቀን ስለሆነ ቤቱ ይጨናነቃል፤ እሑድ ከሰዓት በኋላ ይሁን፣ ብርጭቆውን እኔ አዘጋጃለሁ።