ቅናት የፍቅር ማረጋገጫ ነውን?

ጠያቂ፦ እሑድ ማምሻውን ጣና ዳር ካለ አንድ መናፈሻ ተቀምጬ ሳለ፣ ከአጠገቤ የነበረ ወጣት የፍቅረኛውን ስልክ ተቀብሎ መልእክቶቿን አንድ በአንድ ሲያነብ፣ እሷ አቀርቅራ የለስላሳ ጠርሙሱን ወረቀት በጥፍሯ ስትልጥ ቆየች። አብረውኝ የነበሩት «ስለሚወዳት ነው» አሉ። እኔ አልተቀበልኩም፤ እናንተስ?

የሽምብጥ ነዋሪ፦ እኔ በከፊል እቀበላለሁ። ሰው የሚቀናው በሚሳሳለት ነው፤ ባለቤቴ ምንም ባይሰማው ቅር ይለኛል። ስልክ መፈተሽ ግን ከልክ ያለፈ ነው።

የሥነ ልቦና መምህርት፦ ስሜቱ መኖሩ አያከራክርም፤ የሚያከራክረው የምንሰጠው ስም ነው። ደተንና አሮን የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1974 ባሳተሙት ጥናት፣ ካናዳ ውስጥ 70 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የሚወዛወዝ ድልድይ እየተሻገሩ ለነበሩ ወንዶች አንዲት ሴት መጠይቅ አስሞልታ ስልክ ቁጥሯን ሰጠች። ቁጥሯን ከወሰዱት 18 ሰዎች 9ኙ ደወሉላት፤ ዝቅተኛና የማይነቃነቅ ድልድይ ላይ ካገኘቻቸው 16 ግን የደወሉት 2 ብቻ ነበሩ። ተመራማሪዎቹ እንዳስረዱት፣ ወንዶቹ በፍርሃት የመጣውን የልብ ምት እንደ መማረክ ቆጥረውታል። ልቡ ለምን እንደሚመታ ባለቤቱ ራሱ ሊሳሳት ከቻለ፣ የቀናተኛን መንቀጥቀጥ ለፍቅሩ ምስክር አድርገን እንዴት እንቀበላለን?

የቤዛዊት ነዋሪ፦ 34 ሰው ጥቂት ነው፤ አስፈሪውን ድልድይ የመረጡት ከመጀመሪያውም ደፋሮች ሊሆኑ ይችላሉ። ደግሞስ ቅናቱን አምቆ ከሚይዝ ጮኾም፣ በር መትቶም ቢወጣለት አይሻልም?

የሥነ ልቦና መምህርት፦ የቁጥሩን ማነስ አምናለሁ። ምርጫውን በተመለከተ ግን ተመራማሪዎቹ ራሳቸው ሠግተው፣ ያንኑ ድልድይ ተሻግረው ካረፉ ወንዶች ጋር አነጻጽረዋል፤ ልዩነቱ ያኔም ታይቷል። ሁለተኛው ጥያቄዎ የበለጠ ያሳስበኛል፤ ብዙ ቤት የሚፈርሰው በዚህ እምነት ነውና። ቡሽማን የተባለ የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተመው ጥናት፣ ያናደዳቸውን ሰው እያሰቡ የቦክስ መለማመጃ ጆንያ የደበደቡ ተማሪዎች ንዴታቸው አልወጣላቸውም፤ እንዲያውም ዝም ብለው ለ2 ደቂቃ ከተቀመጡት ይልቅ ሌላውን ለመጉዳት የተነሣሡት እነሱ ነበሩ። ዛሬ በር የሚመታ ሰው ነገም እጁን በሩ ላይ ብቻ እንደሚያሳርፍ ምን ዋስትና አለን?

የሽምብጥ ነዋሪ፦ ይህን አልቃወምም። እኔ ያልኩት ቅር መሰኘትን እንጂ ማስፈራራትን አይደለም።

ጠያቂ፦ አንድ ያልነገርኳችሁ ነገር አለ። ስልኩን ሲመልስላት ስክሪኑን አላየችም፤ ፊቱን ነበር ያየችው፣ ምን እንዳነበበ ለማወቅ።