ክላውዲዮ የወደደው ሄሮን ነው ወይስ ክብሩን?

ጥያቄ፣ ከድሬዳዋ (ከዚራ)

ውድ አንባቢያን፣ ቅዳሜ ማምሻውን ሙቀቱ በረድ ሲል ተሰብስበን ተውኔት የምናነብ ጥቂት ሰዎች ነን። ባለፈው ሳምንት እ.ኤ.አ. በ1600 የታተመውን፣ «በከንቱ ብዙ ሁካታ» ልንለው የምንችለውን የሼክስፒር ኮሜዲ ጨርሰን ሳንስማማ ተለያየን። ክላውዲዮ እጮኛውን ሄሮን በሠርጋቸው ቀን፣ በቤተ ክርስቲያን፣ በእንግዶች ፊት በበሰበሰ ብርቱካን መስሎ ለአባቷ ይመልሳታል። እንዲህ ያደረገው ሌሊት በመስኮት ሄሮ ከሌላ ወንድ ጋር ስትነጋገር ያየ መስሎት ነው፤ በመስኮቱ የነበረችው ግን ደንገጡሯ ማርጋሬት ነበረች። ወንዶቹ «ተታለለ እንጂ አልበደለም» ሲሉ ሴቶቹ ጨርሶ አልተቀበሉም። እኔም በመጨረሻ ሲጋቡ ደስ ሊለኝ አልቻለም። የተታለለ ሰው ከበደል ነጻ ነውን?

መልስ፣ ከሐረር (ጀጎል)

ጥያቄዎን በጥሞና አነበብሁት፤ በእኔ እምነት ነጻ አይደለም። ክላውዲዮ ፍቅሩን ለአለቃው ለልዑል ዶን ፔድሮ ሊገልጽ ሲነሣ አስቀድሞ የጠየቀው አባቷ ሊዮናቶ ወራሽ የሚሆን ወንድ ልጅ አለው ወይ ብሎ ነው። ልጅቷንም ራሱ አላነጋገራትም፤ በጭምብሉ ጭፈራ ላይ ጠይቆ ያጨለት ዶን ፔድሮ ነው። በዚያው ምሽት የልዑሉ ወንድም ዶን ጆን «ዶን ፔድሮ የሚጠይቃት ለራሱ ነው» ብሎ ሲዋሸው ወዲያው አመነ። ያ ውሸት ከተጋለጠ በኋላ፣ በገዛ ወንድሙ ላይ ያመጸውን ያንኑ ሰው በመስኮቱ ነገር ለሁለተኛ ጊዜ ማመኑ ከየዋህነት የመጣ አይመስለኝም፤ ለስሙ የሚፈራ ወንድ የሚያስፈራውን ወሬ ለማመን ይቸኩላል። እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ነገር ሲነሣ ሽማግሌ ተቀምጦ ግራ ቀኙን ይሰማል። በተውኔቱ ውስጥ ግን የልጅቷን ፊት አስተውሎ ንጹሕ መሆኗን የተረዳው መነኩሴው ነው፤ አባቷ እንኳ ሞቷን ተመኘ።

መልስ፣ ከድሬዳዋ (ሳቢያን)

ወንድሜ፣ ስለ ሽማግሌ የጻፉት ደግ ነው፤ ሆኖም ሽማግሌ ሲቀመጥ የሴቲቱ ቃል ከወንዱ ቃል እኩል ይመዘናል ወይ ብዬ እጠይቃለሁ። ለእኔ የተውኔቱ ልብ ያለው በክላውዲዮ ወዳጅ በቤኔዲክና በሄሮ የአጎት ልጅ በቢያትሪስ ዘንድ ነው። እነርሱም ተታልለዋል፤ ወዳጆቻቸው ሆን ብለው እየተሰሙ ባወሩት ወሬ አንዱ ሌላውን እንደሚወድ አምነዋል። ሄሮን ያዋረደው ማታለልና እነዚህን ያፋቀረው ማታለል በመንገዱ አንድ ነው፤ የሚለያዩት በመከራው ሰዓት ነው። ቢያትሪስ ክላውዲዮን ግደልልኝ ስትለው ቤኔዲክ በመጀመሪያ እምቢ ይላል፤ በኋላ ግን ክላውዲዮ ሄሮን እንደ በደለ ከነፍሷ ታምን እንደሆነ ይጠይቃታል፣ አምናለሁ ስትለው በቃሏ ብቻ ወዳጁን ለፍልሚያ ይጠራል። ክላውዲዮ ሄሮን የጠየቃት ከፈረደባት በኋላ፣ ያውም በአደባባይ ነው።

ከጠያቂው

እህቴ፣ ይህን ካነበብሁ በኋላ አምስተኛውን ገቢር ደግሜ አየሁት። እውነቱ ሲገለጥ ክላውዲዮ ሊዮናቶን የፈለግኸውን ቅጣት ቅጣኝ ይለዋል፤ ግን ኃጢአቴ መሳሳቴ ብቻ ነው ብሎ ይጨምራል። ሄሮ በውርደቱ ሞተች ተብሎ ስለ ተነገረው በመቃብሯም ላይ የሐዘን ግጥም ያነባል። ሄሮ ግን በመነኩሴው ምክር ተደብቃ በሕይወት ነበረች፤ ጭምብሏን አውልቃ በፊቱ ስትቆም ይቅር በይኝ ሲላት አላገኘሁም። ለፊታችን ቅዳሜ ይህንኑ ትዕይንት ይዤ እመጣለሁ።