ቀይ ቀበሮን መልኩ ይመስክርለት ወይስ ዘረመሉ?

የፒያሳው፦ የዛሬ ክርክር፦ በደቡብ ወሎ፣ በቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ፓርክ ዳርቻ ያለ ገበሬ ውሻውን እንዲያስር ይገደድ? ይገደድ የሚሉት፣ ቀይ ቀበሮ የተኩላ ዘመድ ነው፣ ውሻም የተኩላ ዘር ነው፤ በዘር ቅርብ ስለሆኑ ይዳቀላሉ ባዮች ናቸው።

ሸዋበር፦ ዝምድናው ራሱ አልተዋጠልኝም። ሳይንት እያለሁ አይቼዋለሁ፤ ቀይ ነው፣ አፈ ሾጣጣ ነው፣ ብቻውን አይጥ ላይ ሲያደባ ይውላል። የቱ ተኩላ ነው እንዲህ የሚያደርግ?

መምህሩ ከሆጤ፦ ጋሼ፣ ያዩት ልክ ነው። ግን አፉን ያሾለው አይጡ ነው። አዳናቸው አንድ ከሆነ ባዕዳን እንስሳትም ይመሳሰላሉ። ዲኤንኤ (ዘረመል) ውስጥ ግን የማይጠቅሙም የማይጎዱም ለውጦች በየትውልዱ ይጠራቀማሉ፤ ዝምድና በነሱ ይለካል። እ.ኤ.አ. በ1994 የታተመው ጥናት ቀይ ቀበሮን ወደ ግራጫ ተኩላና ወደ ኮዮት (የሰሜን አሜሪካው የተኩላ ዘመድ) ያስጠጋው እንዲህ ነው። በ2015 ደግሞ የአፍሪካው ወርቃማ ቀበሮ ከእስያው ጋር በመልክ ቁርጥ ሆኖ ሳለ ሌላ ዝርያ መሆኑ ታወቀ።

የኮምቦልቻዋ፦ መምህር፣ የ1994ቱ ዝምድና የተለካው በማይቶኮንድሪያ፣ ማለትም ለሴል ኃይል በሚያመነጨው ክፍል ውስጥ ባለው ዲኤንኤ አይደል? እሱ የሚወረሰው ከእናት ብቻ ነው። አባትየው የት ገባ?

መምህሩ ከሆጤ፦ ጥሩ አነሳሽ! ያው ጥናት ባሌ፣ ዌብ ሸለቆ ላይ ይኸው ገጥሞታል። ከውሻ የተዳቀሉት ክልሶች በማይቶኮንድሪያ ሲታዩ ጥርት ያሉ ቀይ ቀበሮዎች ናቸው፤ የውሻው ዘር የተገኘው ከእናትም ከአባትም የሚወረሰው የኒውክለሱ (የሴሉ እምብርት) ዲኤንኤ ሲመረመር ነው። እናት ቀበሮ፣ አባት ውሻ። ሁለቱን ሳያይ የሚፈርድ ይስታል።

ሸዋበር፦ እሺ፣ ዘመድ ይሁኑ። ባሌ የሆነው ሳይንትም ሆኗል ማለት ነው? ውሻው ታስሮ ጅብ በጉን ቢወስድ ማን ይከፍላል? እናንተ ዘር ስትቆጥሩ የሚጎዳው ገበሬው ነው።

የኮምቦልቻዋ፦ ሆኗል አላልኩም፤ ይመርመር ነው የምለው። ለማሰሩም እኔ አልቸኩልም። ወንድ ውሾችን ማኮላሸትና ለእብድ ውሻ በሽታ ማስከተብ ግን በግ አያስበላም። በሽታው ባሌ ላይ ቀይ ቀበሮዎቹን ደጋግሞ ፈጅቷቸዋል፤ በዓለም የቀሩት ጎልማሶች 500 አይሞሉም።

ሸዋበር፦ ክትባቱ ይሁን። የተኮላሸ ውሻ ግን ጅብ ፊት ይቆማል?

የፒያሳው፦ እዚህ መሀል የእንስሳት ሐኪም ካለ ይመልስ፤ እኛ ገምተን አንጨርሰውም።