ፍሪሲዮኔ ይንሸራተታል፤ ካምቢዮውን (የማርሽ ሳጥኑን) ከማስወረዴ በፊት ምከሩኝ

ወገኖች፣ ጨንቆኝ ነው የምጽፈው። እናቴን ለሕክምና የማመላልስባት መኪና ናት። ሰሞኑን ዳገት ላይ በ4ኛ ማርሽ ነዳጅ ስሰጣት ሞተሩ ይጮኻል፤ ዙሩ ከ2000 ወደ 3500 ይዘላል፤ ፍጥነቷ ግን ንቅንቅ አይልም። ትንሽ ቆይቶ የሚቃጠል ነገር ሽታ ውስጥ ድረስ ይገባል። ሜዳ ላይ በ1ኛና በ2ኛ ምንም አይታወቅባትም።

ፍሪሲዮኑ (ሞተሩን ከካምቢዮው የሚያገናኘውና የሚለየው ክፍል) ይንሸራተት እንደሆነ ለማየት የሚባለውን ሙከራ አደረግሁ። የእጅ ፍሬን ይዤ፣ በቆመችበት 4ኛ አስገብቼ ፍሪሲዮኑን ቀስ ብዬ ለቀቅሁ። ፍሪሲዮኑ ደህና ቢሆን ወዲያው መጥፋት ነበረባት። ሁለት ሦስት ሰከንድ አጓርታ ነው የጠፋችው። የፍሪሲዮኑን ዲስክ ይበልጥ እንዳልጨርሰው ፈርቼ አልደገምኩትም።

ፍሪሲዮኑ በካቦ (በሽቦ ገመድ) የሚሠራ ነው። ፔዳሉን በእጄ ስነካው ትንሽ እንኳ ልል የለውም፤ ስለቀውም የሚይዘው ላይኛው ጫፍ ሲደርስ ነው። ካቦው ከመጠን በላይ ተወጥሮ ይሆን? ባላላው ይድናል ወይስ ዲስኩ አልቋል?

ከሁሉ ያስደነገጠኝ ግን ሌላ ነው። ሞተሩና ካምቢዮው ከሚጋጠሙበት ስር ጣቴን ሳሳልፍ ጥቁር ዘይት ይዞ መጣ። ዲስኩን ዘይት ነክቶት ከሆነ ካቦ ማላላት ምን ዋጋ አለው?

መካኒኩ ዲስኩን ብቻ ቀይር ይለኛል። እኔ ግን ካምቢዮው አንዴ ከወረደ ስፒንጂ ዲስኮውና (ዲስኩን የሚጫነው ክፍል) የፍሪሲዮኑ ኩሽኔታም አብረው ቢቀየሩ፣ ቮላኖውም (ዲስኩ የሚጣበቅበት የሞተሩ ከባድ መሽከርከሪያ) ቢታይ ይሻላል ባይ ነኝ። የደረሰባችሁ ካላችሁ፣ ዘይቱ የሞተር ይሁን የካምቢዮ እንዴት ለያችሁ? እስከዚያስ ልንዳት ወይስ ላቁማት?