«ብግነት ያጠፋሉ»፣ «ያበርዳሉ» ወይስ «ያረግባሉ»?

ጠያቂ፦ «በኢንፌክሽን ጊዜ ጠቃሚ ባክቴሪያዎች የአንጀት ሴሎችን ብግነት…»፤ ማሰሪያው ግስ የትኛው ይሁን?

ሰዋስው፦ «ብግነት» ከ«በገነ» የመጣ ነው፤ በገነ ማለት በንዴት ውስጡ ነደደ። የሰፈሩ አነጋገርም ከዚያው ከንዴት አይወጣም፦ ቁስል ሲቀላ፣ ሲያብጥ፣ ሲግልና ሲጠዘጥዝ «ተቆጣ» እንላለን። ለተቆጣና ለጋለ ነገር «ማብረድ» ነው የሚሄደው። «ማርገብ» ለተወጠረ ገመድ ነው፤ ቢባልም አያስቀይምም።

ላቦራቶሪ፦ «ያጠፋሉ»ን ግን ይሰርዙት። ሳልሞኔላ የተባለው በሽታ አምጪ ባክቴሪያ ሲጠጋው የአንጀት ሴል ሬልኤ የተባለውን ፕሮቲን ጂኖች ወዳሉበት የሴሉ እምብርት፣ ወደ ኒውክሊየስ ያስገባል፤ የብግነት ጂኖች ይቀሰቀሳሉ፣ ነጭ የደም ሴሎችም ይጠራሉ። የአበርዲን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2004 እንዳሳዩት፣ ባክቴሮይድስ ቴታዮታኦማይክሮን የተባለው የአንጀት ነዋሪ ሬልኤ ፒፒኤአር-ጋማ ከተባለ ሌላ ፕሮቲን ጋር ተጣምሮ ከኒውክሊየስ እንዲወጣ ያደርጋል። ማንቂያው ይደወላል፣ ግን ሲጮኽ አይውልም።

ብግነቱ ከበዛ ደግሞ ወራሪው ነው የሚጠቀመው። ነጭ የደም ሴሎች የሚረጩት ኬሚካል ቲዮሰልፌትን ወደ ቴትራቲዮኔት ይለውጠዋል፤ ሳልሞኔላ እሱን ለመተንፈሻ ይጠቀምበትና አብዛኞቹን የአንጀት ነዋሪዎች ይቀድማል።

ሰዋስው፦ እግረ መንገዴን፦ ኢንፌክሽን የወራሪው መግባት ነው፣ ብግነት የሰውነት ምላሽ። በየዜናው ይምታታል።

ጠያቂ፦ «አንጀቴ ቅቤ ጠጣ»ስ እዚህ ቦታ ይኖረው ይሆን?

ሰዋስው፦ የለውም፤ እሱ የደስታ ነው፣ ብዙ ጊዜም የጠሉት ሰው ሲዋረድ የሚባል። ተቃራኒው «አንጀቴ አረረ» ነው።

ላቦራቶሪ፦ ግጥምጥሞሹ ግን ያስቃል! ፌካሊባክቴሪየም ፕራውስኒትዚን የመሰሉ ባክቴሪያዎች አሰር (ፋይበር) አብላልተው ቢውቲሬት የተባለ ፋቲ አሲድ ይሠራሉ። ስሙ ከግሪክኛው የቅቤ ቃል የወጣ ነው፣ አሲዱ መጀመሪያ ከቅቤ ስለተገኘ። የትልቁ አንጀት ሴሎች 70 በመቶ ገደማ ጉልበታቸውን ከእሱ ያገኛሉ፤ ብግነት ቀስቃሽ ጂኖችንም ያዳክማል። ቅቤ መጠጣት ግን አይተካውም፤ በቅቤ ያለው ትልቁ አንጀት ሳይደርስ ላይኛው ክፍል ላይ ይመጠጣል። የሚደርሰው ያልተፈጨው የምስር፣ የባቄላ፣ የሽምብራና የአጃ አሰር ነው፤ ተቀቅሎ የቀዘቀዘ ድንችም እንዲሁ።

ጠያቂ፦ እንግዲያው «ያበርዳሉ» ብዬ ዘጋሁት።