ገለባና አገዳ ለድርቅ ይረዳል?

ጠያቂ፦ ሰላም ሰዎች። ዝናቡ ቀድሞ ቆመና በቆሎዬ እኩለ ቀን ላይ ቅጠሉን ጠቅልሎ ነው የሚውለው። ካለፈው ምርት የተረፈ ገለባና አገዳ ተከምሮ አለ። ልቅበረው፣ ላንጥፈው ወይስ ኮምፖስት ይሻላል?

መልስ፦ ለዘንድሮ ከሆነ አንጥፈው። መጀመሪያ ግን መሬቱ ይራስ፤ አለበለዚያ ትንሿን ካፊያ ገለባው ራሱ ይጠጣታል። ከ5 እስከ 10 ሴንቲሜትር ውፍረት ይበቃል። ግንዱን እንዳታስነካው፣ ይበሰብስብሃል።

ሌላ መልስ፦ ጥሬ ገለባ እንዳትቀብር! የስንዴ ገለባ ካርቦኑ የናይትሮጅኑን 80 እጥፍ ገደማ ስለሚሆን፣ የሚያበሰብሱት ረቂቅ ተሕዋስያን ናይትሮጅኑን ከሰብልህ ጋር ይሻሙና ቅጠሉ ቢጫ ይሆናል። ከእበትና ከለምለም ቅጠል ጋር አብላላው። ኮምፖስቱ ለከርሞ ነው፤ በተለይ አሸዋማ አፈር ውሃ እንዲይዝ ያደርጋል።

ጠያቂ፦ ገባኝ። አገዳው ውስጥ ግን ትል አይቻለሁ፣ ችግር አለው?

መልስ፦ አለው እንጂ! አገዳ ቆርቁር የሚባለው የበቆሎ ተባይ ይሆናል። ደረቁን ወቅት እዚያው ውስጥ ተደብቆ ነው የሚያልፈው። ያንን አገዳ ለብቻ ለይና ሰንጥቀህ ፀሐይ ላይ አስጣው። ገለባውን ግን መሬቱ ከራሰ ዛሬውኑ ማንጠፍ ትችላለህ።