ውኃውን እየደፋሁ እንኳ የበርሜሉ ትል አልጠፋም፤ ያለ ፍሊት ምን ላድርግ?

የሳቢያን እናት፦
ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ነው። ውኃ በሳምንት አንድ ቀን ስለሚመጣ ሁለት በርሜልና አንድ ሮቶ ሞልቼ አስቀምጣለሁ። ባለፈው ሳምንት ክዳኑን ሳነሳ፣ ብርሃን ሲያዩ እየተገለባበጡ ወደ ታች የሚሸሹ ትንንሽ ትሎች አየሁ። ውኃውን ሁሉ ደፍቼ እንደገና ሞላሁ፤ በሦስተኛው ቀን ተመልሰው መጡ። ፍሊት እንዳልነፋ የሰባት ወር ልጄን ያስለዋል። ምን ትመክሩኛላችሁ?

እናት ከለገሃሬ፦
ልጄ፣ ውኃውን ደፋሽ እንጂ እንቁላሉን አልደፋሽውም። ትሎቹ የቢምቢ ልጆች ናቸው፤ የደንጊ ትኩሳት የምታስተላልፈው ቢምቢ እንቁላሏን የምትለጥፈው ከውኃው ጠርዝ ከፍ ብላ በበርሜሉ ግድግዳ ላይ ነው። እንደ ተወቀጠ ቡና የደቀቀ ጥቁር ነገር ነው፤ ደርቆ ወራት ይቆያል፣ ውኃ ሲያገኘው ይፈለፈላል። ስለዚህ በርሜሉ ባዶ ሲሆን በሸካራ ብሩሽና በሳሙና ውስጡን ከአፉ እስከ ሥሩ ፈትጊው፤ እጣቢውን ደረቅ መሬት ላይ ድፊው። በእኛ ሙቀት እንቁላሉ ቢምቢ እስኪሆን ከሳምንት ብዙም አያልፍምና ቀኑን አታሳልፊ። እኔ ሁልጊዜ ቅዳሜ ጠዋት ነው የምፈትገው። በ2006 ዓ.ም. ደንጊ ሲገባ ሁለት ልጆቼ «አጥንታችን ተሰበረ» እያሉ ሲያለቅሱ አድሬያለሁ፤ ያንን ሌሊት አልረሳውም።

ክዳኑ የማይገጥም ከሆነ ነጠላ ደርበሽ በላስቲክ ወጥረሽ እሰሪው። ረግቦ ውኃውን እንዳይነካ ግን ተጠንቀቂ፤ እርጥቡ ጨርቅ ላይም ትጥላለች።

ጤና ኤክስቴንሽን፦
እትዬ ያሉት ትክክል ነው። ሮቶው ላይ ደግሞ ውኃ ሲተርፍ የሚወጣበትን ቱቦ አፍ በጥቅጥቅ ወንፊት ሸፍኚው፤ ብዙ ሰው ይህን ይረሳል። በ2014 ዓ.ም. በከተማችን ወባ ያዛመተችው አኖፊለስ ስቴፈንሲ የተባለችው ቢምቢም የምትራባው በዚሁ በተጠራቀመ ውኃ ነው። የደንጊዋ በቀን፣ ይቺ በሌሊት ትነክሳለች። ስለዚህ ልጁን ቀን ሲተኛም አጎበር ውስጥ አስተኚው፤ ካተኮሰው ቤት ሳታቆዪ ጤና ጣቢያ ውሰጂው።

የሳቢያን እናት፦
እትዬ፣ ዛሬ ፈተግሁት። ጥቁሩ ነገር ብሩሹ ላይ ተለጥፎ ወጣ፤ ስንት ጊዜ እያየሁት ዝገት ነው ብዬ አልፌዋለሁ። አንድ ነገር ቀርቶኛል፦ የጎረቤቴ አጥር ሥር ውኃ ያቆሩ ሦስት አሮጌ ጎማዎች አሉ። አብረን እንድናነሳቸው ለነገ ተቀጣጥረናል።